ሰባተኛው መስመር

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ኦታሩ በረዶ ሲጥልባት፣
ሃታኬናካ መጣ፣ ሰሌዳውን በፎጣ ጠቅልሎት፣
እንደታመመ ድመት በክንዱ አቅፎት።

«ፉሚኤ» አለኝ፣ «መርከቧ መንታ ሆነች፤
አንዷን ስትመታት ሌላዋም አብራ ሞተች።
ልጆች ከገንዳ ወጥተው፣ ጸጉራቸው ውኃ እያዘለ፣
‹ያንተ ሳጥን ሰከረ እንዴ?› የማይለኝ ማን አለ?»

አበራሁት። እውነቱን ነው። ሰማዩ ሁለቴ ተደግሟል፣
የላይኛው ኮከብ ወርዶ ከታችኛው ጋር ተጋጥሟል፣
የነጥቡ ቁጥር ተሰዶ ከጠላት መሐል ቆሟል።

ይህን በሽታ አውቀዋለሁ።
ቤቱ ሁለት፣ አድራሻው አንድ።
ፖስተኛው ታማኝ ነው፤ ዓይኑ ግን ከቁጥሮቹ አንዷን ትስታለች፣
የስድሳ አራቱ ደብዳቤ መቶ ዘጠና ሁለት በር ትወድቃለች።
ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልሰረቀ፣
ሁለት ቤተሰብ ግን ባንድ ደጃፍ ተጨናነቀ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማስታወሻውን ቺፕ ነበር፤
የሚወቀስ ሁሌም ዘበኛው አይደል፣ ቤት ሲሰበር?
አሥራ ስምንት እግሩን ነቀልኩ፣ በቦታው አዲስ ተከልኩ።
መንታዋ መንታ ናት። ሌላም ቀየርኩ። ያው። ሻይ አፈላሁ።
ቀጥሎ የመታጠቢያውን እንፋሎት ወቀስኩ፣
ቀጥሎ የባሕሩን ጨው፣
ቀጥሎ አይጥ።
ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ኪሳቡሮንም አማሁት፣
መምህሬን፤ ይህን ሰሌዳ መጀመሪያ የጠገነው የእሱ ሱቅ ነውና።

ሐሜቱ ሲያልቅብኝ መፈተሻውን አነሳሁ።
ቀይ ሲበራ፣ ከፍ ያለ፤
አረንጓዴ ሲበራ፣ ዝቅ ያለ፤
ሁለቱም ሲርገበገቡ መስመሩ በሕይወት አለ።
ከዜሮ ጀመርኩ። ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንዲሁ።
አራት። አምስት። ስድስትም ይመታል።
ሰባት ላይ ጫፉን አሳረፍኩ፤
ቀይም አይደል፣ አረንጓዴም።
ጨለማ።
ዝቅታ እንኳ መልስ ነው፤ ይህ ግን ዝቅታም አይደል፣
ገመዱ የተቆረጠ ደወል ነው፣ ብትስበው የማይደወል።

ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እንደ ውኃ ሠራተኛ ቧንቧ ተከትዬ።
ከአንጎሉ እግር ሥር ይመታል።
ከአሳላፊው ቺፕ መግቢያ ይመታል፣ ከመውጫውም።
ከማስታወሻው ዘንድ ግን አልደረሰም።
በመሐል አራት ጣት መንገድ፤
ከአራት ጣት አንዲት ነጥብ ናት የከዳችው።

ሰሌዳውን ገለበጥኩት፣ አጉሊ መነጽሬን አጠለቅኩ።
ሰማያዊ ሽቦ። የተበጠሰ መዳብ ለማገናኘት የተበየደ፣
ጫፉ ወደ ግራ የታጠፈ።
በዚህ ወደብ ሽቦ ወደ ግራ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነበር፤
እኔ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።
የቆርቆሮዋ ጠብታ ፈዛለች፣ እግሩ ሳይግል ተጥላበት፣
ዙሪያዋን ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ዞሮባት።
ኪሳቡሮ ከኋላዬ ቆሞ «እስኪሞቅ ጠብቂው፣
ቆርቆሮው መንገዱን ያውቃል፣ አትግፊው» ሲለኝ
ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ።
አርባ ዓመት ያዘች። አርባ!
ጥድፊያ ይህን ያህል ዕድሜ እንዳለው ማን ነገረኝ?

ብየዳውን አጋልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ጠበቅኩ፣
አራት።
ቆርቆሮው በራሱ ሄደ፣ ወደ ሽቦው ሥር ተሳበ።
መርከቧ አንዲት ሆነች። ነጥቡ ወደ ጥጉ ተመልሶ ዜሮ አለ።

በማግስቱ ሃታኬናካ «ምኑ ነበር?» አለ።
«የቆየ ነገር» አልኩት።
ሂሳብ ልጽፍለት ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።
ፎጣውን ረስቶ ወጣ።
ሁለቱ ቺፖች ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ፣ እግራቸው ወደ ላይ፣
ያለ ጥፋታቸው ተነቅለው፣ አንድም ሰው ይቅርታ ሳይላቸው።
በሻይ ጣሳ ከተትኳቸው፤
ክዳኑ ላይ ጻፍኩ፦ ጤነኞች ናቸው።